ድጎማው ለሽቦው ወይስ ለቤቱ? የአነስተኛ ሶላር ድጋፍ ጥያቄ ከወላይታ ሲታይ

የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ1998 ዓ.ም. አንሥቶ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል አልተነካም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጭማሪው ሲጀመርም በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀሙ ቤቶች በነበረው ዋጋ እንዲቀጥሉ ተደረገ፤ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት በ27.3 ሳንቲም። ሃምሳውን አሟጦ የተጠቀመ የሶዶ ከተማ ቤተሰብ ለኃይሉ በወር ከ14 ብር በታች ይከፍል ነበር ማለት ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በየሩብ ዓመቱ የሚያድግ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ቢውልም፣ የረጅም ዘመኑ ልማድ ይኸው ነው፦ ቆጣሪ ያለው ቤት መብራትን ከማምረቻና ከማድረሻ ወጪው እጅግ ባነሰ ዋጋ ያገኛል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በኪንዶ ዲዳዬ ወይም በዳሞት ወይዴ ገጠር የሚኖር፣ ምሰሶ ያልደረሰው ቤተሰብ ግን ከዚህ ድጋፍ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። የሶላር ዕቃ ሲገዛ የፓነሉን፣ የባትሪውን፣ የማጓጓዣውንና የዶላሩን ዋጋ ከነጋዴው ትርፍ ጋር ይሸፍናል። ስለ አነስተኛ ሶላር ድጎማ የሚደረገው ክርክር መነሻው ይህ ልዩነት መሆን ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ መንግሥት ሶላርን መደጎም አለበት ወይስ የለበትም ተብሎ። እስከ ዛሬ የተደጎመው ማን እንደሆነ ሳይነገር ይታለፋል።

ከዚህ በታች የጥያቄውን አመጣጥ፣ የተከራካሪዎቹን አቋምና ለየአቋሙ የቀረበውን ማስረጃ እመረምራለሁ። የምሟገትለት ነገር አንድ ነው፤ ድጎማ የሚገባው ሽቦው ወይም ፓነሉ ሳይሆን ቤቱ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ አንዳንዱ የሶላር ድጎማ በብርቱ ሊጠበቅ የሚገባው ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ቢቀር የማይቆጭ ነው።

ድጎማ የተባለው ምንድን ነው?

ተከራካሪዎች የማይግባቡት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠሩ ነው። የቀረጥና የታክስ ነጻነት አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ መንግሥት ገንዘብ አያወጣም፣ ሊሰበስብ ይችል የነበረውን ይተዋል። ብድርና የውጭ ምንዛሪ ማመቻቸት ሌላ ነገር ነው፤ የዓለም ባንክ ባቀረበው ገንዘብ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ለሶላር አስመጪዎችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የከፈተው የብድር መስመር የዚህ ምሳሌ ነው። በብድሩ ገዢው የዕቃውን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፤ የሚያገኘው ፋታ ብቻ ነው። ከዚህ የሚለየው ደግሞ በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያ ነው፤ ኩባንያው ራቅ ላለ ቤት ሸጦ፣ ዕቃው መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ የዋጋው ከፊል ይተካለታል። በዕርዳታ ድርጅት ወይም በመንግሥት የሚታደል ነጻ ፋኖስም ድጎማ ይባላል። ለአንድ መንደር የሚዘረጋው ሚኒ ግሪድ ግንባታው በመንግሥት ተሸፍኖ ተጠቃሚው እንደ ከተማው ታሪፍ ሲከፍልም እንዲሁ። አንዱን ለማውገዝ የቀረበ ማስረጃ ለሌላው አይሠራም፤ ነጻ እደላ ገበያ አበላሸ ማለት የታክስ ነጻነት ገበያ ያበላሻል ማለት አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚነጠቀው የታክስ ነጻነት ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 ኤሌክትሪክን፣ ላምባንና ውሃን ከታክሱ ነጻ ሲያደርግ ሶላርን በስሙ አልጠቀሰም። በጊዜው የሚጠበቅ ነበር፤ የገጠር ቤት መብራት ማለት ኩራዝ፣ የከተማ ቤት መብራት ማለት ደግሞ ቆጣሪ ነበርና። ውጤቱ ግን አዋጁ ለሽቦውና ለጭሱ ጥበቃ ሲሰጥ ለፓነሉ አለመስጠቱ ነው። ለሶላር ዕቃዎች በኋላ የመጣው የቀረጥ ቅናሽ በአብዛኛው በመመሪያ የተሰጠ በመሆኑ የአዋጅን ያህል ጽኑ መሠረት የለውም። በመመሪያ የተሰጠ በመመሪያ ይነሣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341 የነጻ ዕቃዎችን ዝርዝር ማጥበቡ የዘመኑን አቅጣጫ ያሳያል፤ ገቢ ለመሰብሰብ የሚቸገር መንግሥት መጀመሪያ የሚመለከተው የተወውን ታክስ ነው። ስለዚህ ሶላርን ስለመከላከል ስናወራ ከሁሉ አስቀድሞ የምናወራው አዲስ ገንዘብ ስለመጠየቅ አይደለም፤ ያለው ነጻነት ጽኑ የሕግ መሠረት እንዲኖረው ነው።

ከኩራዝ እስከ ብሔራዊ ፕሮግራም

የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 317 ነበር። ሐሳቡ ዋናው መስመር በቅርብ ለማይደርስባቸው አካባቢዎች የግል ባለሀብቶችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ብድርና ድጋፍ እንዲያገኙ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ በጀርመኖች በተቋቋመ የሶላር ፋውንዴሽን አማካይነት የአገሪቱ የታወቀች የሶላር መንደር ሆነች፤ የሶላር ጠጋኞች ማሠልጠኛም እዚያው ተከፈተ። ከሬማ ታሪክ የሚታወሰው የፓነሎቹ ብዛት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ጠጋኙ ከመንደሩ አለመራቁ ይመስለኛል። የተበላሸውን የሚጠግን ሰው በአካባቢው ከሌለ ዕቃው በነጻ ቢመጣም በዓመት በሁለት ዓመት ከጣሪያ ላይ የተጣለ መስታወት ሆኖ ይቀራል።

የ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እና በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው እትሙ ሶላርን ከዳር ወደ መሃል አመጡት። ሁለተኛው እትም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሕዝቡ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ በሆኑ መንገዶች ለመድረስ አቀደ፤ እስከ 2030 ደግሞ መስመሩ ራሱ 96 በመቶ እንዲሸፍን። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ይናገራል። በዕቅዱ ውስጥ ሶላር ለአብዛኛው ቤት የዘላለም መፍትሔ አይደለም፤ ምሰሶው እስኪደርስ የሚያሻግር ድልድይ ነው። ዕቅዱን ለማስፈጸም የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ለመስመር ማስፋፊያ 375 ሚሊዮን ዶላር፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ደግሞ አዴሌ ለተባለው፣ ሚኒ ግሪድንና የቤት ሶላርን ለጨመረው ፕሮጀክት 500 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። የተባለው 2025 አልፏል፤ በጨለማ የሚያመሹ ቤቶች ዛሬም በሚሊዮን ይቆጠራሉ።

ይህ ሁሉ ከመታቀዱ በፊት ግን ሶላር በራሱ መንገድ ገጠር ገብቶ ነበር። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቤተሰቦች የኃይል አጠቃቀም ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከመቶ ቤተሰብ 33ቱ ከዋናው መስመር፣ 24 ያህሉ ደግሞ ከመስመር ውጪ፣ በአብዛኛውም ከሶላር፣ መብራት ያገኙ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የያዙት አንድ ፋኖስ ወይም ሁለት ሦስት አምፖል የሚያበራ ትንሽ ፓነል ነው። ተቃዋሚዎች ይህንኑ ቁጥር ያነሣሉ፤ ሰው ያለ ድጎማ ከገዛ ድጎማ ለምን ያስፈልጋል ይላሉ። መልሱ ቁጥሩ ራሱ ውስጥ አለ፤ ከመቶው 43ቱ አልገዙም። እስካሁን ያልገዛው ደግሞ ፍላጎት ያጣው ሳይሆን አቅሙ ያልፈቀደለት መሆኑን ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጥናቶች ያመለክታሉ።

መስመሩ በደጃፍ ሲያልፍ

ወላይታ ለዚህ ክርክር ቀላል ምሳሌ አይደለችም፤ የተመረጠችውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሶማሌ ወይም በደቡብ ኦሞ ቆላ ለተበተነ መንደር ምሰሶ መትከል የማያዋጣ መሆኑን ማንም ይቀበላል፤ በኦሞራቴ የሶላር ሚኒ ግሪድ የተተከለውም ለዚህ ነው። ወላይታ ግን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የተመዘገበባት፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ300 በላይ ሰው የሚኖርባት፣ ከአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዷ ናት። ከዚያ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው ከ12 በመቶ ያነሰ ነበር። ቤት ከቤት በተጠጋጋ ቁጥር የምሰሶው ወጪ ለብዙ ቤት ይካፈላልና፣ በምሕንድስና ሂሳብ ብቻ ከሄድን ለአብዛኛው የወላይታ ቀበሌ ርካሹ መንገድ ዋናው መስመር ነው። የሶላር ጠበቆች ይህን ሐቅ ሊሸሹት አይገባም።

ኃይሉም ቢሆን ቅርብ ነው። ጊቤ ሦስት በኪንዶ ዲዳዬና በዳውሮ ሎማ መካከል፣ በኦሞ ወንዝ ላይ ቆሟል፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ አቅሙም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከሶዶ የሚነሣው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ ይደርሳል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም 200 ሜጋ ዋት ለጎረቤት መሸጥ ተጀመረበት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ወደ አፍ መምጣቱ አይቀርም። ሆኖም ተረቱ ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይነግረናል። ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል ቢቆም በኦፋ ወይም በዱጉና ፋንጎ አንድም ተጨማሪ አምፖል አይበራም፤ የጎደለው ማመንጫ አይደለምና። የጎደለው ትራንስፎርመር፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሽቦ፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪና የቤት ውስጥ ዝርጋታ ነው። ይህን የሚያሟላው ተቋም ደግሞ ለአንድ ገጠር ቤት መስመር ባስገባ ቁጥር ከወጪው በታች በሚከፍል ደንበኛ ላይ ኪሳራ ይጨምራል። ርካሹ ታሪፍ በአንድ በኩል ድሃውን የሚጠብቅ መስሎ፣ በሌላ በኩል መስመሩ ወደ ቀጣዩ ድሃ እንዳይሄድ እጅ ያሳጥራል። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋቱ የሕዳሴ ግድብም ይህን ቋጠሮ በራሱ አይፈታውም።

እንግዲህ የወላይታ ገጠር ቤት ችግር ርቀት አይደለም፤ ጊዜ ነው። መስመሩ ወደ ደጁ አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚነግረው የለም። ትራንስፎርመሩ ከመጣ በኋላም ከምሰሶው በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሆነው የመግቢያውንና የዝርጋታውን ወጪ መሸፈን ባለመቻል በጨለማ የሚቀሩ አሉ። ድልድይ የተባለው ሶላር ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ትምህርቱን ሊያጠናቅቅ ይቃረባል። ጊዜያዊ ነው ተብሎ ከድጎማ የሚገለለው ነገር ለአንድ ትውልድ ጊዜያዊ አይደለም።

ተቃውሞዎቹና ማስረጃው

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው የዋጋ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አክዋ ፓወር የተባለው የሳዑዲ ኩባንያ በሶማሌና በአፋር ክልል ለታቀዱት የጋድና የዲቼቶ ትላልቅ የሶላር ጣቢያዎች ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ ውሉ ከግንባታ ባይደርስም ቁጥሩ የትልቅ ሶላርን ርካሽነት አሳይቷል። የአንድ ቤት ባለ 10 ዋት ፓነል በቀን በአማካይ አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ በባትሪ የሚባክነው ተቀንሶ በወር ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ኃይል ይሰጣል። በዚህ መለኪያ ትንሹ ሶላር ከትልቁ በብዙ እጥፍ ውድ ነው። ግን መለኪያው ልክ ነው ወይ? አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ባለ 3 ዋት አምፖልን ከ330 ሰዓት በላይ ያበራል፤ በቀን አሥራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ለጨለማ ቤት የመጀመሪያዋ ኪሎ ዋት ሰዓት የምትሰጠውና ሃምሳኛዋ ለከተማ ቤት የምትሰጠው ጥቅም እኩል አይደለም። ኃይሉን በክብደቱ ብቻ መመዘን ለተጠማ ሰው የሚሰጠውን ውሃና አበባ የሚጠጣውን ውሃ በአንድ ዋጋ እንደ መተመን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ትንሽ ሶላር ሕይወትን አይለውጥም የሚል ነው፤ የሶላር ጠበቆች ብዙ ጊዜ በጥሞና የማያዳምጡት እርሱን ነው። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ፣ ባራባንኪ አውራጃ 1,281 ቤተሰቦችን ያካተተና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ የመስክ ሙከራ ሶላር የላምባ ወጪን መቀነሱን፣ መብራት ያገኙ ቤቶችንም ቁጥር መጨመሩን አረጋገጠ፤ በቁጠባ፣ በንግድ ወይም በልጆች የጥናት ሰዓት ላይ ግን የጎላ ለውጥ አላገኘም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአፍሪካ ገጠር ድጋፍ ሳይጠብቅ ሰፊ ለውጥ መካሄዱን አሳየ፤ ሰዎች ኩራዛቸውን ትተው በባትሪ ድንጋይ ወደሚሠሩ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች እየተሻገሩ ነው። ይህ ማለት ሶላር የሚተካው ላምባን ብቻ ነው ተብሎ የሚሰላ የጤናና የጭስ ጥቅም ሊጋነን ይችላል። ስለዚህ ለሶላር የሚሟገት ሰው ድህነትን ያጠፋል ብሎ ቢምል የማይጠብቀውን ቃል እየሰጠ ነው። ሊሟገት የሚገባው በሌላ ምክንያት ነው፤ ቆጣሪ ላለው የከተማ ቤት መብራት ስንደጉም ሀብታም ይሆናል ወይ ብለን አልጠየቅንም፤ ብርሃን ለሰው ልጅ የሚገባ አገልግሎት ነው ብለን ነው የተቀበልነው። ለአንዱ ቤት ያልተጠየቀው ፈተና ለሌላው ብቻ ለምን ይቀርባል?

ሦስተኛው፣ የዋጋ ድጋፍ ሰውን ዕቃውን እንዲንቅ ያደርጋል የሚለው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የሩዋንዳ ሙከራ የገጠር ቤተሰቦች ለሶላር ዕቃ ከገቢያቸው ብዙ ለመክፈል ፈቃደኛ ቢሆኑም የሚከፍሉት ከገበያው ዋጋ በታች እንደሚቀር አገኘ፤ የክፍያ ጊዜውን ማራዘም ብቻውን ክፍተቱን አልዘጋም። ስለ ንቀቱም የቆየ ማስረጃ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው የኬንያ የአጎበር ጥናት ነጻ የተሰጣቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ከፍለው ከገዙት ባላነሰ እንደተጠቀሙበት፣ ትንሽ ዋጋ ሲጠየቅ ግን የወሳጁ ቁጥር በብርቱ እንደወደቀ አሳይቷል። አጎበር ሶላር አይደለም፤ ጥገና አይፈልግም። ነጻ ፋኖስ የሚያበላሸው የተቀባዩን ልብ ሳይሆን የጠጋኙንና የሻጩን ገበያ ነው። ነጻ እደላን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ተቃውሞ ድጎማው ወደ አስመጪውና ወደ ደኅና ኑሮ ወዳለው ቤት ይፈስሳል የሚለው ሲሆን ከፊሉ እውነት ነው። የታክስ ነጻነት ትልቅ ፓነል የሚገዛውን ከትንሽ ገዢ ይበልጥ ይጠቅማል፤ የተቀነሰው ታክስ ሙሉ በሙሉ ወደ ችርቻሮ ዋጋው ላይወርድም ይችላል። ይህን ለማረም ነጻነቱን በአነስተኛ አቅም ላላቸውና የጥራት ማረጋገጫ ላገኙ ዕቃዎች መወሰን ይቻላል። ፍሳሹን ብቻ ምክንያት አድርጎ ሁሉንም ማንሣት ግን ሌላ ሚዛን ነው፤ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቀረጡን ወደ 15 በመቶ፣ ተፈታትተው ለሚገቡት ወደ ዜሮ ሲያወርድ የዋናው ተጠቃሚ ማንነት ይህን ያህል አላከራከረም።

የሌሎች ዘመቻዎች

ድጎማን ለመከላከል ከተደረጉ ዘመቻዎች ሁሉ በደንብ የተመዘገበው የእንግሊዝ ነው። በሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጣሪያ ሶላር ክፍያ በ2011 እ.ኤ.አ. በኪሎ ዋት ሰዓት 43.3 ፔንስ ይሰጥ ነበር። በጥቅምት 2011 መንግሥት ዋጋውን ወደ 21 ፔንስ ለማውረድ አሰበ፤ ቅናሹ ግን ምክክሩ ከማብቃቱ በፊት በታኅሣሥ 12 እንዲጀምር ተደረገ። ፍሬንድስ ኦቭ ዚ ኧርዝ እና ሁለት የሶላር ኩባንያዎች ፍርድ ቤት ሄደው ረቱ። ፍርድ ቤቱ ድጎማ መቀነስ አይቻልም አላለም፤ ሕገ ወጥ የሆነው በድንገት፣ ምክክሩ ሳያልቅ የተደረገው መቀነስ ነው። በሌላ ጎን የጀርመን የ2000 እ.ኤ.አ. ሕግ ከመጀመሪያው ለሃያ ዓመት ዋስትና እየሰጠ ለአዲስ ገቢዎች በየዓመቱ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ተናገረ። ሁለቱ አገሮች ሲነጻጸሩ የገበያው ትልቅ ጠላት ቅነሳው ሳይሆን ድንገቱ መሆኑ ይታያል።

ለእኛ የሚቀርቡት ግን ኬንያና ባንግላዴሽ ናቸው። ኬንያ በሶላር ዕቃ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻነት በ2020 አንሥታ፣ ነጋዴዎቹና ደጋፊዎቻቸው ባደረጉት ጥረት በ2021 መልሳለች፤ በመመሪያም ሆነ በበጀት አዋጅ የሚሰጥ ነጻነት ምን ያህል ተንሳፋፊ እንደሆነ አንድ ዓመት በቂ ማሳያ ሆነ። የባንግላዴሽ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ኢድኮል በተባለው የመንግሥት የፋይናንስ ተቋም አማካይነት በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቤት ሶላር ፕሮግራም በየጊዜው እየቀነሰ የሚሄድ ድጎማንና ብድርን አጣምሮ ከአራት ሚሊዮን በላይ ቤቶች ደረሰ። ያዳከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት ከመንግሥት ነው። በአንድ በኩል በሌሎች ፕሮግራሞች ነጻ ሶላር መታደል ሲጀምር ሰው መግዛት አቆመ፤ በሌላ በኩል ዋናው መስመር ከተጠበቀው ፈጥኖ ሲደርስ በብድር የገዙት ክፍያ አቋረጡ፣ አበዳሪዎቹም ከዕዳ ጋር ቀሩ። ሕዝቧ ጥቅጥቅ ብሎ ለሚኖርባት ለወላይታ ከዚህ የሚቀርብ ማስጠንቀቂያ የለም።

ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲደረግ የሶላር ችግር መልኩን ቀየረ። ከዚያ በፊት አስመጪው ዶላር ለማግኘት ወራት ይሰለፍ ነበር፤ በዘመኑ ዋነኛው ድጋፍም ምንዛሪ ያለበት የልማት ባንክ ብድር ነበር። ከዚያ በኋላ ወረፋው ቀለለ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ግን በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ፓነልና ባትሪ ከውጭ የሚገቡ ናቸውና የገጠሩ ገዢ ገቢው ሳይጨምር የዕቃው ዋጋ እጥፍ ወደ መሆን ሄደ። ለወረፋ የተሠራ ድጎማ ዋጋን አይፈውስም። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በደረጃ መነሣቱም ላምባን እያስወደደው ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ወደ ኋላም የሚመለስበት ርካሽ መንገድ የለውም። በአገራችን ታሪክ ተመሳሳይ ነገር በማዳበሪያ አይተናል፤ ድጎማው በ1989 ዓ.ም. ተነሣ፣ ዋጋው በ2014 ሲንር መንግሥት ተመልሶ ገባበት። ከ1960ዎቹ መግቢያ ጀምሮ በዋዱ፣ ማለትም በወላይታ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ማዳበሪያን በብድር ለተዋወቀው ገበሬ የድጎማ መምጣትና መሄድ አዲስ ነገር አይደለም።

የክፍያው ቀን መቁጠሪያም የአካባቢውን ኑሮ የሚመስል መሆን አለበት። በሞባይል ገንዘብ በየወሩ ወይም በየቀኑ የሚከፈልበት የሶላር ሽያጭ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ከመጡ በኋላ ተስፋ ተጥሎበታል። ማሳው ከግማሽ ሄክታር በታች የሆነ የወላይታ ገበሬ ግን ወርሃዊ ደመወዝ የለውም። ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ የጓዳ መጉደያ ነው፤ ኪሱ ሳይሞላ ደግሞ ክረምቱ ይገባና ፓነሉ ራሱ በደመና ይዳከማል። በዝንጅብል ሽያጭ ላይ ተደግፈው የነበሩ ቤቶች በ2004 ዓ.ም. በተነሣው የማጠውለግ በሽታ ገቢያቸው ሲመታ አይተዋል። ይኸው ሕዝብ ግን ለአዲስ ዓመት በዓሉ ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማል፤ ወንዱ ለሰንጋ፣ ሴቷ ለቅቤ። ቁጠባ ያለበት ቦታ ላይ ወርሃዊ ክፍያ የሚከሽፍ ከሆነ ጥፋቱ የወሩ ነው። በዓመት አንዴ፣ ከአዝመራ በኋላ የሚሰበሰብ ክፍያ ለአበዳሪው የሚያስከትለው ተጨማሪ ወጪ አለው፤ ድጎማ ቢገባበት የማይቆጨኝ ቦታ ይህ ነው። ውጤትን ለክቶ መክፈልም በወላይታ አዲስ አይሆንም፤ በሁምቦ 2,728 ሄክታር ደን መልሶ ያለማው ፕሮጀክት በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ፣ ተለክቶ የተሸጠው ውጤት ገንዘብ ሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደርሷል።

ይህን ሁሉ ማን ይጠይቅ? እስካሁን ድምፅ ያላቸው አስመጪዎችና የልማት አጋሮች ናቸው፤ አስመጪው ለታክስ ነጻነቱ፣ አጋሩ ለፕሮጀክቱ ይከራከራል። ከአዋጅ ቁጥር 1113/2011 በፊት የነበረው የ2001ዱ የሲቪል ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ገንዘብ የሚያገኙ ማኅበራትን ከመብት ሙግት አግዷቸው ነበር፤ አሁን ያ በር ተከፍቷል። ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መዲና በመሆኗም፣ ድሮ ሐዋሳ ይሄድ የነበረው ጥያቄ አሁን እዚያው ከተማ ውስጥ ሊቀርብ ይችላል። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የጠጋኝ ወጣቶች ማኅበራት በአንድነት ቢቀርቡ የሚያነሡት ጥያቄ ከአስመጪው የተለየ ይሆናል። ነጻነቱ በአዋጅ ይጻፍ፤ የሚቀንስ ከሆነ የሚቀንስበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ ክፍያው ከተሸጠው ዕቃ ቁጥር ይልቅ ከሁለት ዓመት በኋላም ከሚሠራው ዕቃ ቁጥር ጋር ይታሰር። ያገለገለው ባትሪ የት እንደሚወድቅም ይመለስ፤ በየጓሮው የሚጣል ሊድ ያለበት ባትሪ ጥቅጥቅ ብሎ በሚኖር ሕዝብ መካከል የውሃና የአፈር አደጋ ነው፣ የድጎማ ፕሮግራሞችም ብዙውን ጊዜ ሂሳባቸውን የሚዘጉት ዕቃው ቤት ሲገባ ነው።

ያልተፈታው ትልቁ ነጥብ ምሰሶው የደረሰ ቀን የሚሆነው ነው። የአንድ ቀበሌ ገበሬ ለሦስት ዓመት በሚከፈል ብድር ሶላር ገዝቶ በሁለተኛው ዓመት ትራንስፎርመር ቢመጣ፣ ከብድሩ የቀረው በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል? በእኔ አስተያየት ቀሪው ዕዳ ከመስመር ማስገቢያ ወጪው ጋር እንዲቻቻል ከመጀመሪያው ውል ላይ መጻፍ አለበት፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት እና አበዳሪው በአንድ ገበታ ካልተቀመጡ ግን ሊጻፍ አይችልም። መስመር የሚዘረጋው አንዱ ተቋም፣ ሶላር የሚያበድረው ሌላው፣ ሁለቱም የሚቆጥሩት ግን ያንኑ አንድ ቤት ነው።